ለታፈነ ሳንባ ፋታ የሚሰጠው ማሽን ለምን ዘግይቶ ይጠራል?

ከባድ አስም የተነሣበት ሰው ሆስፒታል ሲደርስ የሚደረግለት ሕክምና ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ የአየር ቧንቧውን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል በጭጋግ መልክ እንዲስብ ይደረጋል፤ አይፕራትሮፒየም ይታከልበታል፤ ስቴሮይድ በአፍ ወይም በደም ሥር ይገባል፤ ካልተሻለው ማግኒዥየም ሰልፌት ይከተላል። አብዛኛው ሰው በዚህ ይመለሳል። ጥቂቶች ግን ሁሉም ተሞክሮ አይሻላቸውም። ድካም ያሸንፋቸዋል፤ ደረታቸው ውስጥ ሲር ሲር ይል የነበረው ድምፅ ሳይቀር ይጠፋል። ቤተሰብ ድምፁ ሲጠፋ ተሻለው ብሎ ይጽናናል። ሐኪሙ ግን ይበልጥ የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው፤ ዝምታው አየር መዘዋወር ማቆሙን ይነግረዋልና።

ከዚህ በኋላ ታማሚው በማደንዘዣ እንዲተኛ ተደርጎ በጉሮሮው ቱቦ ይገባለታል፤ ከቬንቲሌተር ጋርም ይገናኛል። በብዙ ሰው ግምት የሕክምናው የመጨረሻ ድንበር ይህ ነው። በአስም ላይ ግን ቬንቲሌተሩ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከእርሱ ባሻገር ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ደምን ከሰውነት አውጥቶ፣ ከተቃጠለው አየር አጽድቶና ኦክስጅን ሰጥቶ መልሶ የሚያስገባ። በሕክምናው ዓለም ኤክሞ ይባላል። የዚህን ማሽን አሠራር ከአስም ባሕርይ ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ነገር ሳይገርመው አይቀርም። ማሽኑ ሳንባን አያድንም፤ ሳንባው ራሱ እስኪድን ፋታ ይሰጣል እንጂ። ፋታ ካገኙ የሚድኑ ሳንባዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ የአስም ሕሙማን ሳንባዎች ናቸው። ሆኖም ለአስም ሕመምተኛ ማሽኑ የሚጠራው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጠራም ብዙ ጊዜ ሌላው ሁሉ ከከሸፈ በኋላ ነው። ይህ ልማድ መለወጥ ይገባዋል።

ነገሩን ለመረዳት አስም ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ማጥራት ያስፈልጋል። ታማሚው «አየር አጠረኝ» ስለሚል አስም አየር የማስገባት ችግር ይመስላል። ከባዱ ችግር ግን ማስወጣቱ ላይ ነው። ሰው አየር ሲስብ ደረቱ ይሰፋል፤ የአየር ቧንቧዎቹም አብረው በመጠኑ ይከፈታሉ። ሲያስወጣ ይጠብባሉ። የቧንቧዎቹ ጡንቻ ከተኮማተረ፣ ግድግዳቸው ካበጠና ውስጣቸው በወፍራም አክታ ከተደፈነ የገባው አየር መውጫ ያጣል። አየር በጠባብ ቧንቧ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ከቧንቧው ስፋት ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ ርኅራኄ የለውም፤ ፍሰቱ ያልተናወጠ እስከሆነ ድረስ የቧንቧው ራዲየስ በግማሽ ሲያንስ ተቃውሞው እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር እብጠት በሰፊ ቧንቧ ውስጥ ከቁም ነገር ላይገባ ይችላል፤ በጠባቡ ውስጥ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ባልወጣው አየር ላይ አዲስ ትንፋሽ ይደረባል። ሳንባ እንደ ፊኛ ይወጠራል። በደረት ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይገታል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ አንዳንዴም ሳንባው ይቀደድና አየር ወደ ደረት ጉድጓድ ይፈስሳል። ቬንቲሌተር በዚህ መካከል የሚገባው አየር ገፊ ሆኖ ነው። ያስገባል እንጂ ጎትቶ አያወጣም፤ ማስወጣቱን ለሳንባውና ለደረቱ የመመለስ ኃይል ይተወዋል። ሐኪሙ የተጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወገድ ብሎ የትንፋሹን ቁጥር ቢጨምር ለማስወጫ የሚተርፈው ጊዜ ያጥራል። በደቂቃ 10 ጊዜ ለሚተነፍስ ሰው እያንዳንዱ ትንፋሽ 6 ሴኮንድ አለው፤ 20 ጊዜ ሲሆን 3 ሴኮንድ ብቻ። ማስገቢያው 1 ሴኮንድ ቢወስድ ለማስወጫ የነበረው 5 ሴኮንድ ወደ 2 ይወርዳል። ለመርዳት ተብሎ የተደረገው ነገር ወጥመዱን ያጠብቀዋል።

ከዚህ ወጥመድ መውጫውን በግልጽ ያሳዩት ዳሪዮሊና ፔሬ የተባሉ በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1984 ባሳተሙት ጥናት የደሙን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ወደ ትክክለኛው ልክ ለመመለስ መሯሯጡን ተዉት። ከፍ ይበል፤ ይልቅስ ሳንባው አይቀደድ አሉ። ትንፋሹን አሳንሰውና አዘግይተው፣ ለማስወጫው ረጅም ጊዜ ሰጥተው 26 ሕሙማንን በ34 የሕመም ጊዜያት ሲያክሙ አንድም ሰው አልሞተም። ዛሬ ይህ አካሄድ በመላው ዓለም የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚሠራበት ነው። ስለ ኤክሞ የሚሟገት ሰው ይህን ማድበስበስ የለበትም፤ በአስም ምክንያት ቬንቲሌተር ላይ ከሚገቡት ሰዎች አብዛኞቹ በትዕግሥትና በጥንቃቄ ከተያዙ ያለ ሌላ ማሽን ይድናሉ።

ጥያቄው ስለ ቀሩት ነው። ትንፋሹ ዘግይቶ፣ መድኃኒቱ ሁሉ ገብቶ፣ በማደንዘዣ ጋዝ ቧንቧው እንዲላላ ተሞክሮም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጣቱን የማያቆምባቸው፣ ደማቸው አሲድ እየሆነ ልባቸው የሚዳከምባቸው ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ከሳምንት በፊት ሥራ ይሠሩ፣ ልጅ ያሳድጉ የነበሩ፤ ከአስሙ በስተቀር ሌላ ሕመም የሌለባቸው።

ኤክሞ የተወለደው ለእነርሱ ተብሎ አልነበረም። አባቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን በግንቦት 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ ማሽን ተጠቅሞ የልብ ቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ ሲያደርግ ማሽኑ ማገልገል የሚችለው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። ደሙ ከጋዙ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር የደም ሕዋሶቹ ይጎዳሉ። መፍትሔው በመካከላቸው ጋዝ የሚያሳልፍ፣ ደም የማያሳልፍ ስስ ገለፈት ማስገባት ሆነ። በ1971 በካሊፎርኒያ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሳንባው የተጎዳ የ24 ዓመት ወጣት ለ75 ሰዓታት በዚህ ዓይነት ማሽን ተደግፎ ዳነ። በ1975 ደግሞ በዚያው በካሊፎርኒያ ሮበርት ባርትሌት የተባለው ሐኪም መተንፈስ ያቃታትን አራስ ሕፃን በማሽኑ አዳናት። ነርሶቹ ያወጡላት ስም ኤስፔራንሳ ነበር፤ በስፓኝ ቋንቋ ተስፋ ማለት ነው።

የዛሬው ገለፈት በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የታጨቁ፣ ክር የመሰሉ ባዶ ቱቦዎች ናቸው። ጋዙ በቱቦዎቹ ውስጥ፣ ደሙ በውጭ ያልፋል። የገጻቸው ስፋት ቢደመር 1.8 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ቤት በር ያህል። የጤነኛ ሰው ሳንባ የጋዝ መለዋወጫ ገጽ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሰው ሥራ ከተፈጥሮ ሥራ ምን ያህል እንደሚያንስ ከዚህ ይታያል፤ ያም ሆኖ ለቀናት፣ ሲያስፈልግም ለሳምንታት ያገለግላል። ሳንባን ብቻ ለመደገፍ ሲሆን ደሙ ብዙውን ጊዜ ከጭን ሥር ከሚገኘው ትልቅ የመላሽ ደም ሥር ይወጣና በአንገት በኩል ወደ ልብ አቅራቢያ ይመለሳል።

አስምና ይህ ማሽን ለምን እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቀላል ሒሳብ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፤ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ከወዲሁ ሦስት አራተኛ ያህል የሞላ በመሆኑ በአንድ ሊትር ከ50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ብዙም ያልበለጠ አዲስ ኦክስጅን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ የአካልን የኦክስጅን ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ለማሟላት በደቂቃ ከ4 እስከ 5 ሊትር ደም በማሽኑ ውስጥ ማለፍ አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው ባይካርቦኔት ሆኖ በደም ውስጥ ስለሚሟሟ በአንድ ሊትር የመላሽ ደም ውስጥ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይገኛል። ገለፈቱ ሁሉንም መምጠጥ ቢችል ኖሮ በደቂቃ የሚመረተውን በሙሉ ለማስወገድ ግማሽ ሊትር ደም እንኳ በበቃ ነበር። በተግባር ከፊሉን ብቻ ስለሚወስድ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ከአምስቱ አንዱ እጅ መሆኑ ነው።

የአስም ሕመምተኛ ዋና ችግር የሚገኘው በዚሁ በቀላሉ በሚወጣው ጋዝ ላይ ነው። ኦክስጅኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውን አየር በማበልጸግ ማቆየት ይቻላል፤ የማይቻለው የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ነው። ቴዎዶር ኮሎቦውና ሉቺያኖ ጋቲኖኒ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወገድ ላይ ብቻ ያተኮረ አነስተኛ ማሽን ሊኖር እንደሚችል አሳይተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በኅዳር 2021 ሄሞላንግ የተባለውን የዚህ ዓይነት መሣሪያ እንዲሸጥ ፈቅዷል። ቱቦው ይቀጥናል፤ ለኩላሊት እጥበት የሚገባውን ዓይነት ያህላል። ሆኖም በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ባለሙያዎች ትልቁን ኤክሞ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ሁኔታው በደቂቃዎች ውስጥ ሊለወጥና ኦክስጅኑም ሊወርድ ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደምም ለመርጋት ይቀርባል።

ከሒሳቡም በላይ ክብደት ያለው ምክንያት የሳንባው የመዳን ፍጥነት ነው። በከባድ የሳንባ ምች ወይም በኮቪድ የተጎዳ ሳንባ የአየር ከረጢቶቹ ራሳቸው ተቃጥለው ይሆናል፤ ለመጠገን ሳምንታት ይፈጃል፤ ጠባሳ ሊተውም ይችላል። በአስም የተዘጋ ሳንባ ከረጢቶቹ በአመዛኙ ጤነኞች ናቸው። የተዘጋው መንገዱ ነው። ስቴሮይዱ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ እብጠቱን ሲያበርድ፣ አክታው ሲለቅ፣ ጡንቻው ሲላላ መንገዱ ይከፈታል። ማሽኑ ሥራውን ሲይዝ ቬንቲሌተሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የተወጠረው ሳንባ ይተነፍሳል፤ አንዳንድ ሕሙማን ነቅተው ከቤተሰባቸው ጋር እስከ መነጋገር የሚደርሱበት ጊዜ አለ።

በቁጥር የሚታየው ውጤትም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1989 የተመሠረተውና መዝገቡን ከብዙ አገሮች የሚሰበስበው ዓለም አቀፍ የኤክሞ ድርጅት፣ ኤልሶ፣ እስከ 2006 ባሉት መረጃዎች በአስም ምክንያት ማሽኑ ላይ የገቡ 24 አዋቂዎችን መዝግቦ ነበር። 83.3 በመቶዎቹ ተርፈዋል። በሌሎች የመተንፈስ ችግሮች ምክንያት ከገቡት የተረፉት 50.8 በመቶ ናቸው። ከ1992 እስከ 2016 የተመዘገቡ 272 የአስም ሕሙማንን የመረመረ ሰፋ ያለ ጥናት ያገኘውም ተመሳሳይ ነው፤ 83.5 በመቶዎቹ ከሆስፒታል በሕይወት ወጥተዋል። በ2023 የወጣ፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች መረጃ ላይ የተመሠረተ ትንታኔ ደግሞ በማሽኑ መደገፍ ከዝቅተኛ ሞትና ከከፍተኛ ወጪ ጋር መያያዙን አሳይቷል። እዚህ ላይ 272 የሚለውን ቁጥር ደግሞ ማየት ይጠቅማል። በ24 ዓመት ውስጥ፣ ከመላው ዓለም፣ በዓመት በአማካይ አሥራ አንድ ሰው! መዝገቡ ሁሉንም እንደማይዝ የታወቀ ቢሆንም ለሚስማማው በሽታ ይህን ያህል በቁጠባ የተሠራበት ሕክምና ማግኘት ይከብዳል።

ጥርጣሬ ያላቸው ባለሙያዎች የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። መዝገብ የሚይዘው ማሽኑ የደረሰላቸውን ነው፤ ሳይደርስላቸው የሞቱት አይቆጠሩም። ከተረፉትም መካከል ያለ ማሽኑ ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ። በአስም ላይ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ያነጻጸረ ትልቅ ሙከራ የለም። በሌሎች የሳንባ ሕመሞች ላይ የተደረጉትም መልሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በ2009 ይፋ የሆነው የብሪታንያው ሲዛር ሙከራ ወደ ኤክሞ ማዕከል የተላኩት ሕሙማን የተሻለ ዕድል እንዳላቸው አሳየ፤ 63 በመቶዎቹ በስድስት ወር ያለ ከባድ የአካል ጉዳት ሲተርፉ ካልተላኩት የተረፉት 47 በመቶ ነበሩ። የ2018ቱ ኢኦሊያ ሙከራ የሞትን መጠን ከ46 በመቶ ወደ 35 በመቶ ዝቅ ብሎ ቢያገኘውም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ የማያጠራጥር ደረጃ አልደረሰም። ሬስት የተባለውና 412 ሕሙማንን ያሳተፈው የ2021 ሙከራ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጋጁን ትንሽ ማሽን ኦክስጅን ባጠራቸው ሰዎች ላይ ፈትኖ ጥቅም ሳያገኝ ቀድሞ ተቋረጠ።

ሬስት ትምህርቱ ትልቅ ነው፤ ግን ትምህርቱ ስለ አስም አይደለም። ችግራቸው ኦክስጅን ለሆነ ሰዎች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወገጃ መስጠት ቁልፍና ጓጉንቸር እንዳለመግጠም ነው። በአስም ላይ ሙከራ ይደረግ ቢባል ደግሞ ሕሙማኑ ጥቂቶችና የተበታተኑ ናቸው፤ እየሞተ ያለን የ30 ዓመት ሰው በዕጣ ከማሽኑ ማስቀረት የሚደፍር ሐኪምም ሆነ የሚፈቅድ ቤተሰብ በቀላሉ አይገኝም። ሙሉ ማስረጃ እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ለታማሚው ግን መጠበቁም ራሱ ውሳኔ ነው።

በሌላ በኩል ማሽኑ ገራም አይደለም። እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቱቦ በትላልቅ የደም ሥሮች ይገባል። ደሙ በማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን የመሰለ መድኃኒት ስለሚሰጥ መድማት ዋናው ጠንቅ ነው፤ በ272ቱ ሕሙማን ጥናት ከአራት ሰዎች ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይ የመድማት ችግር ታይቷል። ኢንፌክሽን አለ፤ የደም መርጋት አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በጣም ፈጥኖ ማውረድም ከአንጎል ጉዳት ጋር ይያያዛል፤ በከፍተኛ መጠኑ የሰፉት የአንጎል ደም ሥሮች ድንገት ሲጠብቡ አንጎል ይጎዳል። ቀናት የፈጀውን መዛባት በአንድ ሰዓት ለማስተካከል መሞከር ለዚህ ነው የሚከለከለው። ይህ ሁሉ በየሰዓቱ የሚከታተል የሠለጠነ ቡድን ይፈልጋል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ማሽኑን የሚነካ ሆስፒታል ቢያጠፋበት አይገርምም።

ስለዚህ «ቀድሞ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ቱቦው ቀድሞ ይግባ ማለት አይደለም። ስልኩ ቀድሞ ይደወል ማለት ነው። የአስም ሕመምተኛ ቬንቲሌተር ላይ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልተሻለው የአካባቢው ሆስፒታል ኤክሞ ካለው ማዕከል ጋር መነጋገር አለበት፤ ምናልባትም የሚነገረው ምክር «ትንፋሹን ይበልጥ አዘግዩት፤ ጠብቁ» የሚል ብቻ ይሆናል። ያ ምክር ራሱ ሕይወት ያድናል። ካልበቃም ቡድኑ መንገድ ለመጀመር ጊዜ ያገኛል። እንግሊዝ ይህን ሥርዓት አቁማለች፤ የተመረጡ ማዕከላት ጥሪ ይቀበላሉ፤ ሲያስፈልግ ቡድናቸው ታማሚው ወዳለበት ሆስፒታል ሄዶ እዚያው ከማሽኑ ጋር ካገናኘው በኋላ በአምቡላንስ ይዞት ይመለሳል። የስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ሆስፒታል ቡድን ሕሙማንን በማሽኑ ላይ እንዳሉ በአውሮፕላን በማጓጓዝ ይታወቃል። በዶሃ ሐማድ ሆስፒታልም ሆነ በሳውዲ ትላልቅ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ አለ። አሜሪካ ማሽኑ የበዛላት አገር ናት፤ ነገር ግን ጥሪውን የሚያስተባብር አንድ አገር አቀፍ ሥርዓት ስለሌላት የታማሚው ዕድል አምቡላንሱ በወሰደው ሆስፒታልና በመድን ዋስትናው ላይ ይንጠለጠላል።

በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ማወቃቸው ተራ እውቀት አይደለም። በአሜሪካ ጥቁሮች በአስም የሚሞቱበት መጠን ከነጮቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በገልፍ አገሮች፣ በአውሮፓም ሆነ በእስራኤል በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ እህቶች በበረኪናና በአሞኒያ ተን ውስጥ ውለው ያድራሉ፤ የጽዳት ሠራተኞች ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሠራተኛ ትንፋሽ ሲያጥራት ሆስፒታል ከመሄድ ፓፉን ደጋግማ መንፋት ትመርጣለች። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የቆመ ቤተሰብ ደግሞ ሐኪሙን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን አጭርና ጨዋ ነው፤ «ኤክሞ ካለው ማዕከል ጋር ተነጋግራችኋል?» ማለት ማንንም አያስቀይምም። አስተርጓሚ መጠየቅም በብዙ አገር መብት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ልብና ሳንባን የሚተካ ማሽን በቀዶ ሕክምና ጊዜ ይሠራበታል፤ የእውቀቱ መነሻ አገር ውስጥ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ለአስም የሚሆን ኤክሞ እንግዛ የሚል ለጋሽ ማኅበር ከውጭ ቢመጣ ግን ገንዘቡ የሚውልበትን ቢያስብበት ይሻላል። ማሽኑ ያለ ቋሚ መብራት፣ ያለ ደም ባንክ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ላቦራቶሪና ያለ ሠለጠኑ ነርሶች ጌጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በአስም 455,000 ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ የሞቱት ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እነዚህን ሰዎች የገደላቸው የኤክሞ እጦት አይደለም። በየዕለቱ የሚሳበው ስቴሮይድ እጦት ነው።

በማገዶ ጭስ ፊት ምጣድ ላይ የምትውል እናት ሕመሙ ሲነሣባት ሳልቡታሞል ትነፋለች፤ ቧንቧው ይከፈትላታል፤ ዳንኩ ትላለች። ከሥር ያለው እብጠት ግን እንደ ነበረ ነው። እርሱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያለው መድኃኒት ነው፤ ወዲያው ስለማይታወቅ ሰው አይወድደውም። «ፓፍ ያስለምዳል» የሚለው ወሬም ብዙ ጉዳት አድርሷል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻ ይዘው እንዳይታከሙ ያሳስባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሳንባው ለተዘጋ ሰው የሚተርፈው የኦክስጅን መጠባበቂያ ትንሽ ነው። ስቴሮይዱ በየጤና ጣቢያው ካልተገኘ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩም ካልሞላ፣ ስለ ኤክሞ መነጋገር ጣሪያ ከመሠረት በፊት ማቆም ነው።

በሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆን ማሽኑ የማይደርስላቸው ይበዛሉ። በ2014 ብሪታንያ የ195 ሰዎችን የአስም ሞት አንድ በአንድ ስትመረምር 45 በመቶዎቹ የሞቱት እርዳታ ሳይጠይቁ ወይም እርዳታው ሳይደርስላቸው እንደነበር ተገኘ። የታዘዘላቸው የሳልቡታሞል ብዛት ከታወቀው መካከል 39 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ዓመት ከ12 በላይ ፓፍ ወስደዋል፤ ያን ያህል ፓፍ የሚያልቅበት ሰው አስሙ ከቁጥጥር ውጭ መሆኑን ፋርማሲው እንኳ ሊያስተውል በተገባው ነበር። ከሟቾቹ 10 በመቶዎቹ ደግሞ በአስም ምክንያት ከተኙበት ሆስፒታል ከወጡ ገና 28 ቀን አልሞላቸውም።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከማሽኑ የሚተርፈውንም ሰው ይመለከታል። አንድ ጊዜ ቬንቲሌተር ላይ ያደረሰ አስም ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። በዓለም ውዱ ከሚባሉት ሕክምናዎች አንዱን አግኝቶ የዳነ ሰው ሰማያዊውን ፓፍ ብቻ በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ከተሸኘ ማሽኑ የሰጠው ፋታ ባክኗል። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የሚሳበው ስቴሮይድ በስሙና በመጠኑ መጻፉን፣ ሕመሙ ሲነሣ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ማብራሪያ መኖሩን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥም ሐኪም ዘንድ የሚቀርብበት ቀጠሮ መያዙን ቤተሰብ ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ ማየት ይችላል።